ስሙን የማይናገር ፋይል

ሜሮን ያሳየችኝ የኮምፒውተር መሣሪያ ሥዕል የለውም፣ የሚያብለጨልጭ ነገርም የለውም። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። የድምፅ ፋይሉን ስም ትጽፋለች፣ ከጎኑ ምን እንዲሆንላት እንደምትፈልግ ትጽፋለች፤ መሣሪያው ያለ ኮሽታ የታዘዘውን ፈጽሞ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ስታሳየኝ ደስ አለኝ። ሥራውን እንጂ ራሱን የማያሳይ መሣሪያ ሁልጊዜ እወዳለሁ። ሜሮን የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆና ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ከባልደረቦቿ ጋር የዚህን መሣሪያ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጁ ነበር፤ ለመዘምራን፣ ለሬዲዮ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎች ይሆናል ብለው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ አንድ ምዕራፍ አስቸገራቸው፤ መሣሪያው የሚቀበላቸውን የድምፅ ፋይል ዓይነቶች የሚዘረዝረው ምዕራፍ።

«ቃሉን ተርጉመነዋል» አለችኝ፣ «ነገሩ ግን አንባቢ አይገባውም። እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ ድምፅ ሲቀዱ የኖሩ ነዎት፤ እያንዳንዱ ለምን እንደሚሆን በራስዎ አነጋገር ይጻፉልን፣ እትዬ አጸደ።»

አላመነታሁም። በዚህች ከተማ ስለ ድምፅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ለዚህ ደግሞ ትሕትና አላበዛም። ሜሮን እንደሄደች ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ። መጻፍ ስጀምር ግን እጄ ላይ የመጣው ፋይል አልነበረም፤ ሽታ ነው። የአልኮልና የጥጥ ሽታ። የቴፑን ራስ በየማለዳው በአልኮል በተነከረ ጥጥ ካልጠረግሁ ሥራ አልጀምርም ነበርና፣ ያ ሽታ ከሱቄ ግድግዳ አልፎ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር። እናቴ ሐኪም ቤት የምሠራ ይመስላት ነበር።

ሱቄ ከባህል አዳራሹ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካስቆመ ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው፤ እኔን ጸሐፊ ሊያደርገኝ አስቦ የታይፕ ትምህርት አስተማረኝ፣ አንድ መሥሪያ ቤትም ገባሁ። አንድ ቀን የስብሰባ ድምፅ የሚቀዳው ሰው ቀረና ቴፑን እኔ ያዝሁት። በዚያው ወደ ታይፑ አልተመለስኩም። ሴት ልጅ ካሴት ቤት ስትከፍት ሰው መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር፤ በኋላ ካሴቱ የማይንጫጫው እዚያ ነው ሲባል ተሰለፈ። ባዶ ካሴት ሰባት ብር፣ ሙሉ ካሴት አስቀድቶ መሄድ አሥራ ሁለት ብር። የስድሳ ደቂቃው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ የዘጠና ደቂቃው ክሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ሲበዛ ይጠመጠማል፣ የሀዋሳን ቀትር ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወጣቶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ብስክሌታቸውን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈው፣ የሚፈልጉትን ዘፈን ስሙን ስለማያውቁት ያፏጩልኛል። እኔ ፉጨቱን ሰምቼ ካሴቱን ከመደርደሪያው አወርዳለሁ። ተሳስቼ የማውቅ አይመስለኝም። በደጃፌ ጋሪዎች የፈረሳቸውን ቃጭል እያሰሙ ያልፋሉ፤ ዛሬ በዚያው መንገድ ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮዬ አሁንም ቃጭሉን ይጠብቃል።

እንግዲህ ከዌቭ ጀመርሁ። ዌቭ ድምፁ እንደተቀዳ፣ ምንም ሳይቀነስለት የተቀመጠበት ነው፤ ቦታ ይበላል፤ ዋናው ቅጂ ይኼ ይሁን ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ ኤምፒስሪ ላይ ስደርስ ትንሽ ቂም ነበረብኝ። በዚያ ዘመን ካሴት ቤቶችን ሁሉ ያስዘጋን እሱ ነው። አንድ ዲስክ ላይ ከመቶ በላይ ዘፈን ጭነው ፒያሳ አስፋልት ዳር አነጠፉት፤ በአሥር ብር። ሰው በአንድ ካሴት ዋጋ የአንድ ቤት መደርደሪያ ሙሉ ዘፈን ይዞ ሲሄድ ማን ይመጣልኛል? ግን ፋይሉን ለመበደል አልጻፍሁም። ጆሮ አያስተውለውም የሚባለውን እየጣለ የሚያንስ ነው፣ የተጣለው አይመለስም፣ ለመስጠት ይሁን እንጂ ለማኖር አይሁን አልሁ። ፍላክ የሚባለውን ደግሞ ወደድሁት። እሱ ልብስ አጣጥፎ ሻንጣ እንደሚያስገባ ሰው ነው፤ ቦታ ይቆጥባል እንጂ አንድ ቁልፍ እንኳ አይጥልም። ሜሮን ስታነበው ሳቀችና የመመሪያ ጸሐፊ ዓይነቱን ዘርዝሮ ያልፋል እንጂ ምክር አይሰጥም አለችኝ። እኔም ምክሩ ከወጣ ዝርዝሩን ራሳችሁ ጻፉት አልኋት። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ምክር ፈቀደችልኝ። አሸነፍሁ ብዬ ቆጠርሁት።

የመጨረሻው ዓይነት ነው ያልገባኝ። እነ ሜሮን «ጥሬ» ብለው ተርጉመውታል። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ሌሎቹ ፋይሎች መጀመሪያቸው ላይ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት አጭር ጽሑፍ አላቸው አለች። ራስጌ ይሉታል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ ልኩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ፣ በአንድ መስመር ይሁን በሁለት፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ፤ መሣሪያው ያንን አንብቦ ነው የሚያጫውተው። ጥሬው ግን ራስጌ የለውም። ድምፁ ብቻ ነው ያለው። ከሌሎቹ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ሲያዩት የተበላሸ ነው ብለው ይመልሱታል።

«ይኼኛው መሣሪያስ?» አልኋት።

«ቁጥሮቹን ከውጭ ከነገሩት ያጫውተዋል። ካልነገሩት ግን ፋይሉ በራሱ ስሙን አይናገርም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ሜሮን የደከመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች። እኔ ግን የማስበው አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ካያሞ። ከሃያ ዓመት በፊት ሱቄ ድረስ ዲስክ ይዘው መጥተው፣ እኔ በሙሉ ልቤ «ይኼ ፋይል ሞቷል» ብዬ የመለስኋቸው ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሴት ሲከስም እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። አንድ የተዘጋ የፕሮጀክት ቢሮ ዕቃውን ሲሸጥ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። የከተማው ሰው ኮምፒውተር ለደብዳቤ መጻፊያ ብቻ መስሎት በነበረበት ጊዜ እኔ ድምፅ ቀዳሁበት። በዚያ ጊዜ ከጉዱማሌ መናፈሻ ወዲያ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሽ የመዘምራን ቡድን ነበር። ድምፅ የምታወጣላቸው ዳመነች ናት፤ የአቶ ካያሞ ባለቤት። ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። መዝሙሮቹን በሲዳምኛ ራሷ ትደርሳለች፣ ዜማውንም ራሷ ታወጣለች፤ አቶ ካያሞ ከኋላ ቆመው በወፍራም ድምፅ ይቀበሏታል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሲዳምኛውንም ያኔ የምሰማው ከሰላምታ ብዙም አይዘልም ነበር፤ ግን የዳመነችን ድምፅ ስሰማ ልቀዳው እንደሚገባኝ አውቄያለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ በኋላም ከእሷ የሚስተካከል ድምፅ ማይክሮፎኔ ፊት ቆሟል አልልም።

የቀዳንበትን ቀን አልረሳውም። ኮምፒውተሩን በፈረስ ጋሪ ጫንነው፤ እኔ ቴሌቪዥን የሚያህለውን ስክሪን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀመጥሁ። ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ባለ ጋሪውን እቆጣለሁ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ፍራሽ ሰቀልን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ። መዘምራኑ አረንጓዴ ካባቸውን ለብሰው መጡ፤ ድምፅ ብቻ ነው የምቀዳው ብላቸውም አላወለቁትም። ልንጀምር ስንል ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። አንድ ሰዓት ያህል ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ሲያባራ ሰባት መዝሙር ቀዳን። እንደ ልማዴ አንድ ዓይነት ሁለት ዲስክ ሠራሁ፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ፤ ሁለቱንም ለእነሱ ሰጠኋቸው። በአንደኛው ዲስክ ላይ ዳመነች የመዝሙሮቹን ስም በራሷ እጅ፣ በዚያ ካርድ ላይ በለመደው ጥንቅቅ ያለ ጽሕፈቷ ጻፈችበት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታመመችና ሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አቶ ካያሞ ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ ሱቄ መጡ፤ ዲስኩ አልከፈት ብሏቸዋል። የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ ተቃጥሎ ነበር፤ የቀዳሁበት ፕሮግራምም አብሮት ሄዷል፤ ፋይሉን ያለ ራስጌ፣ ጥሬውን ያስቀምጥ እንደነበር የገባኝ ገና አሁን ነው። በአዲሱ ኮምፒውተር ሞከርሁ፣ የማይታወቅ ፋይል አለኝ። አንድ ሌላ ቦታ ሞከርሁ፣ ያው ነው። ሳላቅማማ ፋይሉ ሞቷል አልኋቸው። አቶ ካያሞ አልተከራከሩኝም። ስለ ድምፅ አጸደ ያለችው የመጨረሻ ነው ብለው ያምናሉና ዲስካቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ። አሁን ሳስበው፣ «አላውቅም» ብላቸው ኖሮ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ያኔ «አላውቅም» የሚል ቃል አፌ ላይ አልነበረም።

ሜሮን ታሪኩን ስትሰማ ስልክ ይደውሉላቸው አለችኝ። ይህን በስልክ አልናገርም ብዬ በማግሥቱ ጠዋት በባጃጅ ሄድሁ። ቤታቸውን አልሳትሁትም፤ ሰፈሩ ግን ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ግቢው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ቆምሁ። የዘይቱን ዛፍ ላይ፣ ፍሬውን ወፍ እንዳይበላው ብለው፣ ዲስኮች በሲባጎ ሰቅለዋል። በነፋሱ እየዞሩ ፀሐይ ያንጸባርቃሉ። አቶ ካያሞ ከበረንዳው ሆነው አዩኝ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ቁመታቸው ግን አልጎበጠም። «ኬሬ» ብለው ተቀበሉኝ፤ እኔም በሲዳምኛ መለስሁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተምሬያለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ዓይኔ ግን ከዛፉ አይነሣም።

«ጋሽ ካያሞ፣ ያኔ ፋይሉ ሞቷል ያልሁዎ ተሳስቼ ነው» አልኋቸው። «አልሞተም ነበር። እኔ ነኝ የማላውቀውን እንደማውቅ የተናገርሁት። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

  «ሃያ ዓመት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ዜማውን ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ አድርገው እንደሚዘምሩት፣ እሳቸው ግን ልክ አይደለም ብለው ቢናገሩ ማስረጃ እንደሌላቸው፣ አንዳንድ ጊዜም ራሳቸውን ተጠራጥረው እንደሚተዉት ነገሩኝ። በቁጣ አይደለም የነገሩኝ፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ዲስኩስ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። እሳቸው ዓይኔን ተከትለው ወደ ዘይቱኑ አዩና፣ አንደኛው እዚያ ላይ እንዳለ፣ ዝናብና ፀሐይ እንደ ወንፊት እንዳደረገው ተናገሩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ቆዩ። በቃ አሰናብተውኛል፣ ልሂድ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሣ የመዝሙር ደብተር ይዘው ወጡ። ከገጾቹ መሐል ሁለተኛውን ዲስክ አወጡ።

«ይኼኛው የእጇ ጽሕፈት አለበት» አሉ፤ «ልሰቅለው አልቻልኩም።»

ዲስኩን ልቀበል ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ልይዘው ስል ግን አለቀቁልኝም።

«ሞቷል ስትዪኝ አምኜሽ ነበር። ዛሬም አለ ካልሽኝ አምናለሁ። ግን እኔ በሌለሁበት አትክፈቱት።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ባለው የሜሮን የሥራ ክፍል ተገናኘን። አቶ ካያሞ ከረባት አድርገው መጥተዋል። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ይከፈታል፤ ከታች አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ቆመዋል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ይኼን ለሜሮን አልተውሁላትም። ማንበቢያው ውስጥ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ እያጉረመረመ ዞረ። ከሰባቱ ፋይሎች አራቱ ወጡ፣ ሦስቱ እምቢ አሉ። ሜሮን አንደኛውን በጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፈችና እጇን አቁማ አየችኝ።

«በሴኮንድ ስንት ነበር፣ እትዬ?»

«አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ» አልሁ ቶሎ። የሙዚቃ ዲስክ ልክ ነው፤ ማንም ድምፅ የሚቀዳ ሰው የሚያውቀው።

ከድምፅ ማጉያው የወጣው የጫጩት ጩኸት ነው። ሕፃናት እየተሯሯጡ የሚያወሩ ይመስላል። አቶ ካያሞ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ይህቺ ዳመነች አይደለችም አሉ።  እኚህን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ላዋርዳቸው ነው ብዬ ሰጋሁ። ግን መደንገጥ ለሥራ አይሆንም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ፊቴ አመጣሁት። ጋሪው ላይ አቅፌው እንደሄድሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንደጠበቅን፣ ልቀዳ ስል ደግሞ ቦታ አይበቃም ብሎ እንደጻፈልኝ ትዝ አለኝ። ሰባት መዝሙር እንዲገባልኝ ምን አደረግሁ? በሴኮንድ የሚለካበትን ቁጥር በግማሽ ቀነስሁ። መስመሩንም ከሁለት ወደ አንድ አወረድሁ።

«ሃያ ሁለት ሺህ ሃምሳ አድርጊው» አልኋት። «በአንድ መስመር።» አሁን እርግጠኛ ነበርሁ።

መጀመሪያ የመጣው መዝሙር አይደለም። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ቅርብ ሆኖ፣ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ላይ፤ «አጸደ፣ ጀመርሽ እንዴ?» የሚል። ሌላ ሴት ደግሞ በጣም በራሷ የምትተማመን ድምፅ ይዛ «ጀምሬያለሁ፤ ቀጥዪ» አለች። ሜሮን ሁለተኛዋ ማን ናት ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «እኔ ነኝ» አልኋት። የዚህን ከተማ ሰው ሁሉ ስቀዳ ኖሬ የራሴን ድምፅ አንድም ቀን ተቀምጬ አልሰማሁትም ነበር።

መዝሙሩ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤት የዳመነች ብቻ ነው። አቶ ካያሞ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወለሉን እያዩ ሰሙት። ሁለተኛው ቤት ላይ ከኋላ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አቶ ካያሞም ገቡ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል፣ ግማሽ እርምጃም ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ዜማውን ግን አልሳቱም። ሜሮን ልትቀዳቸው ቀስ ብላ ስልኳን አነሣች፤ እጇን ያዝሁት። ያ ለእኛ የሚዘመር አልነበረም። እስከ መጨረሻው አብረዋት ዘለቁ። ሲያልቅ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና፣ ልክ ነበርኩ አሉ። «ዜማው ይኼ ነው። ልክ ነበርኩ።»

አራቱንም ሰማን። ሜሮን ለጥሬው ዓይነት የተፈቀደልኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ልበልበት አለችኝ፤ ቁጥሮቹን ካጣችሁ ፋይሉን ሳትጥሉ የቀዳውን ሰው ፈልጉ፣ ብለሽ ጻፊ አልኋት። አላሻሻለችውም። ከዚያ ሦስቱን እምቢ ያሉ ፋይሎች ደጋግማ ሞከረች፤ ዲስኩ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ አርጅቷል፣ አይነበብም። ይህን እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ አቶ ካያሞ ቀደሙኝ።

«ሦስቱን እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «የእሷን ቦታ አልችለውም እንጂ ዜማውን አውቀዋለሁ።»

ሜሮን አየችኝ። ተነሥቼ የመንገዱ ባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ። ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ የወንበሩን ትራስ ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ፣ ሜሮንን እንዳትንቀሳቀስ በምልክት ነገርኋት። ስልኳን ተቀብዬ ከአቶ ካያሞ ደረት አንድ ክንድ ያህል አራቅሁና አስቀመጥሁት። ከረባታቸውን አላልተው፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ጠበቁኝ።

«ጀምሬያለሁ» አልኋቸው።